የተሸፈነ አንገት

«የሞተው የጎረቤት ሰው ነው እንዴ? የገዛ አባቷ እኮ ነው! ያ ሁሉ ሰው ባለበት አንገቷን ገልጣ ቁጭ! ለራሴ ብዬ አይደለም ሽብሬ፤ ሰው ነው የሚያወራው። ጎሬ ቢሆን እንዲህ ያለችዋን ከፍራሽ ላይ ነው የሚያስነሷት።»

ነፃነት ከመጋረጃው ወዲህ አጎንብሳ ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች ነበር። አንዱን እግሯን አጥልቃ ሌላውን እንዳንጠለጠለችው ቀረች። አክስቷ እትዬ እታፈራሁ ሹክሹክታ የማይሆንላቸው ሴት ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር ይብሱን ይሰማሉ። የወንድማቸውን ሞት ሰምተው ከጎሬ ከመጡ ጀምሮ የንፍሮውን ድስት፣ የለቀስተኛውን አቀማመጥ፣ የማን ፊት መነጨቱን የማን አለመነጨቱን ሁሉ በእጃቸው አስገብተዋል። ነፃነትን ያስጨነቃት ግን የእሳቸው ነገር አልነበረም። የምትጠብቀው የእናቷን መልስ ነበር። እናቷ አንዲት ነገር ብትናገር ይበቃ ነበር፤ «ሐኪም አዟት ነው» ብትል፣ «ቁስል አላት» ብትል እንኳ፣ ውሸትም ቢሆን። ከመጋረጃው ወዲያ ሰሃን ከሰሃን ተጋጨ፣ ውሃ ተንቆረቆረ፣ ከዚያ እናቷ «እሸፍናታለሁ» አለች።

በነፃነት አንገት በግራ በኩል፣ ከጆሮዋ አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ፣ ከቆዳዋ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። በጣት ሲዳስሷት እንጂ በዓይን አትለይም፤ ጠባሳዋም የድመት ጭረት ይመስላል። ሽቦ የላትም፣ ባትሪም የላትም። ኑሮዋ በብርሃን ነው። ቆዳን ዘልቆ የሚገባውን ብርሃን ተቀብላ፣ ከአንገት ወደ አንጎል የሚወጣውን ነርቭ በየጥቂት ደቂቃው ቀስ አድርጋ ትቀሰቅሰዋለች። ጥቂት ትቋጥራለች፣ ብዙ ግን አትቆይም፤ የቋጠረችውን ስትጨርስ ዝም ትላለች። ነፃነት አራተኛ ክፍል ሳለች ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ትምህርት ቤት ወድቃለች፣ ገበያ መሃል ወድቃለች፣ አንድ ጊዜ ሶር ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ ወድቃ ውሃው ሊወስዳት ትንሽ ነበር የቀረው። አባቷ ፈንታሁን በመቱና በበደሌ መሃል ሚኒባስ ይነዳ ስለነበር፣ ተሳፋሪ ያወራውን ሁሉ ይሰማል። አንድ ቀን ከኋላው የተቀመጡ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ ሐኪሞች አዲስ ነገር እየሞከሩ ነው ብለው ሲጫወቱ ሰማና መኪናውን ዳር አስይዞ «እስቲ ድገሙልኝ» አላቸው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚያውቀው እሱና እሷ ብቻ ናቸው። ፍሬዋ ከተተከለችላት ወዲህ አንድም ቀን አልወደቀችም። ኪኒኑንም ሐኪሞቹ በግማሽ ቀንሰውላታል።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ሁሉ ለብርሃን ሲባል ተቀየረ። የመቱ ዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትቀጠር ማሽኑን በረንዳ ላይ እንዲያወጡላት ለመነች። ተማሪዎቹ «ፀሐይ ወዳድ» ይሏታል፤ አንገቷን ገልጣ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ነው ወረቀት የምትቆርጠው። ማታ ማታ ደግሞ ከአንገትጌዋ ጋር የምትሰካት፣ ቀይ የምታበራ ትንሽ መብራት አለቻት። «ለፍሬሽ እራቷን ሰጠሻት?» ይል ነበር አባቷ ከሥራ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ። ፍሬዋ ስትሠራ ነፃነት ታውቃታለች። ጉሮሮዋ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስላታል፣ በዚያች ቅጽበት ስታወራ ከሆነ ደግሞ ድምፇ ይሻክርና ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ታፍርበት ነበር። በኋላ ግን እንደ ልብ ምት ሆነላት፤ ካልመጣ ነው የምትደነግጠው።

እናቷ ጥቁሩን ሻርፕ ይዛ ገባች። ገና ሱቅ ሱቅ ይሸታል።

«ሦስት መቶ ብር አሉኝ» አለች ሻርፑን እየዘረጋች፣ ልጇን ሳታያት። «ለሐዘንተኛ እንኳ አይራሩም።»

«እማዬ።»

«ቀና በይ።»

«እማዬ፣ ያ ዝናብ መብራቱን ካጠፋው ጀምሮ እኮ ትንሿን መብራት ቻርጅ አላደረግኳትም። ትናንትም ያገኘችው በር ላይ ስቀመጥ የደረሳትን ብቻ ነው። ደግሞ አልተኛሁም። ሳልተኛ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ።»

«ማን ተኛ?» እናቷ ሻርፑን አንድ ጊዜ ጠመጠመችው። እጇ ሽንኩርት ይሸታል። «ዛሬን ብቻ። የኦሊ ቤተሰቦች ዛሬ ከያዮ ይመጣሉ። ደጃችንን ሲረግጡ መጀመሪያቸው ነው። ‹አንገቷ ላይ ያለው ምንድነው?› ቢሉኝ ምን ልላቸው ነው? በዘራቸው አለ ይባልልን? ለእህትሽ ብለሽ፣ ነፃነት። ነገ እንደፈለግሽ ትሆኛለሽ።»

እህቷ ዕፀገነት የመኝታ ቤቱን በር ተደግፋ ቆማ ነበር። ኦሊ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ፣ ከጥምቀት በኋላ ቀለበት ሊታሰር ቀን ተቆርጦ ነበር የአባታቸው ሞት የመጣው። ከነፃነት ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ያደጉ ናቸው፤ ስትወድቅ ጭንቅላቷን ትራስ ላይ የምታደርገው፣ ስትነቃ ቀሚሷን የምትቀይርላት እሷ ነበረች። አሁን ግን ዓይኗን ሰብራ የስልኳን መስታወት በቀሚሷ ትወለውላለች። ነፃነት አየቻት፤ እሷ አላየቻትም። እናትየዋ ሻርፑን ሁለተኛ ጠምጥማ አገጯ ሥር በመርፌ ቁልፍ አያያዘችው። ከውጭ የዕድሩ ሰዎች ከድንኳኑ ሸራ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በእንጨት እየገፉ ሲያፈሱት ይሰማል።

ሠልስት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋውም ጠረጴዛውም ወጥቶ፣ ወለሉ ላይ ትልቁ ፍራሽ ተዘርግቷል። መስኮቶቹ ተዘግተው መጋረጃ ወርዶባቸዋል። ብቸኛው ብርሃን የበሩ ነው፣ እሱንም የሚገባና የሚወጣ ሰው ይሸፍነዋል። ትናንት ነፃነት ከፍራሹ በበሩ በኩል ባለው ጫፍ ነበር የተቀመጠችው። ዛሬ እትዬ እታፈራሁ ክንዷን ይዘው «ሟች ያንቺ ነው፣ ወደ ውስጥ ነው ቦታሽ» ብለው ከእናቷና ከግድግዳው መሃል አስቀመጧት። ግድግዳው ከዝናቡ የተነሳ ረጥቦ ጀርባዋን ያቀዘቅዛታል። ሻርፑ አንገቷን ያሳክካታል። ጉሮሮዋ ላይ ጉንዳኗ መጣች፤ ጠበቀች፤ እንደገና መጣች። ደህና ነኝ፣ አለች በልቧ። ትናንት የቋጠረችው አለ።

ሴቶቹ እየገቡ አልቅሰው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ዋይታ ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደየወሬው ነው። የዘንድሮ ቡና በበደሌ ስንት እንደገባ፣ ቤንዚን በማደያ ቀርቶ በላስቲክ መሸጡን፣ የአንዷ ልጅ ዳሪሙ ተመድባ መምህርነቱን ትታ መመለሷን ያወራሉ። ንፍሮ በትሪ ይዞራል። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት አስለቃሽ በየመሃሉ ድምፃቸውን ያነሳሉ። የፈንታሁን መሪ አያያዝ፣ የፈንታሁን ጡሩምባ፣ ፈንታሁን በዝናብ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ አለማለፉ ይነሳል። ነፃነት ትሰማለች። ሁሉም እውነት ነው፤ አባቷ እንዲያ ነበር። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለቅሱለት ከሥራው ሁሉ ትልቁን ማንም አላነሳለትም። ማን ያነሳል? የሚያውቁት ሦስት ሴቶች ናቸው፣ ሦስቱም አፋቸውን ዘግተዋል። ይህን ስታስብ «አባዬ! አባዬ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ተከትለዋት አለቀሱ።

እትዬ እታፈራሁ ሲረጋጉ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ እሷ ዞሩ። «እሰይ፣ ዛሬ ድምፅሽ ተከፈተ! ትናንት ታንቀሽ ነበር፤ ስትጠሪው እንኳ እየተቆራረጠብሽ። እንዲህ ጥርት አድርገው ሲያወጡት ነው የሚቀለው።»

ነፃነት እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ጥርት። መቼ ነበር ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችው? ንፍሮው ሳይመጣ? ትሪው ሲዞር ነበረች? ወደ እናቷ ዞረች። እናቷም ሰምታለች፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ነፃነት አየችው። ከዚያ እናትየዋ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት «ንፍሮ ጨመሩልሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ውጭ ልውጣ፣ አለች ነፃነት። ትንሽ ፀሐይ ብቻ። «ሽንት ቤት» ብላ ስትነሳ እትዬ እታፈራሁ ተከትለዋት ተነሱ፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይሄድም። ጓሮ ሰማዩ እንደ አመድ ነበር። ደመናው ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ዝቅ ብሏል። ሽንት ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ነው፣ በሩ የሚዘጋው በሽቦ ነው። ገብታ መርፌ ቁልፉን ፈታች፣ ሻርፑን ወደ ታች ሳበች፣ የስልኳን ባትሪ አብርታ አንገቷ ላይ ለጠፈችው። የስልክ መብራት ደካማ እንደሆነ፣ ቆዳ ዘልቆ ብዙ እንደማይገባ ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ቢሆንም ያዘችው። ዓይኗን ጨፍና ጉንዳኗን ጠበቀች። ዝንቦቹ ይጮሃሉ። ስልኩ ሊጠፋ መሆኑን ለማሳወቅ ጢር አለ። ጉሮሮዋ ዝም እንዳለ ነው።

«ደህና ነሽ?» አሉ እትዬ እታፈራሁ ከውጭ።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ከሚያወራሽ ሰው ጋር ነሽ እንዴ? ብርሃን አያለሁ እኮ በቀዳዳው። ዛሬ እንኳ ስልኩን ተይው፣ ልጄ! አባትሽ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»

ስልኩ በእጇ ላይ ጠፋ። ሻርፑን መልሳ ጠመጠመች። ስትወጣ አክስቷ መርፌ ቁልፉ ጠሞ መያያዙን አይተው «ነይ እስቲ» ብለው አስተካከሉላት፣ ጠበቅ አድርገው። እጃቸው ሞቃት ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም። «ስምሽን ለመጠበቅ ነው» አሉ። «አባት የሌላት ልጅ ሰው ያያታል። አሁን ገና ነው የሚያይሽ።» ነፃነት ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። እትዬ፣ ከአንገቴ ሥር ያለችው ብርሃን ካላገኘች ዛሬ እወድቃለሁ። ይህን ብቻ ማለት ነበር። ነገር ግን እሳቸው ከሰሙ ከማታ በፊት ጎሬ ድረስ ይሰማል፤ «ለእህትሽ ብለሽ» የሚለው የእናቷ ድምፅ ደግሞ ከሻርፑ ጋር አብሮ የተጠመጠመ ይመስል አንገቷን ያዛት። አፏን ዘጋች።

የያዮ ሰዎች ከእኩለ ቀን በኋላ ደረሱ። መጀመሪያ ከድንኳኑ የወንዶቹ ድምፅ ከፍ አለ፣ ከዚያ «ኦቦ ጎንፋ መጡ፣ የኦሊ አባት» የሚል ሹክሹክታ ከበሩ እስከ ግድግዳው ተላለፈ። ዕፀገነት ነጠላዋን አስተካከለች። እናትየዋ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ የነፃነትን አንገት አየች፤ ጥቁሩ እንደተጠመጠመ ነው። የኦሊ እናት አዴ ዲሪቤ ሁለት ዘመዶቻቸውን አስከትለው ገቡ። ወፍራም፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ መንገዱ ጭቃ ስለነበር ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ባለሐዘን ተነስቶ ነው የሚያለቅሰው። ነፃነትም ተነሳች። ስትነሳ ምድር ትንሽ ዘንበል ያለ መሰላት። አዴ ዲሪቤ መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ ዕፀገነትን፣ ከዚያ እሷን አቅፈው «ጀባዳ፣ ጀባዳ የኔ ልጅ፣ በርቱ» አሉ። በእሷና በእናቷ መሃል ተቀምጠው እጇን በእጃቸው ውስጥ አስገብተው ያዙት።

«ታላቋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ላብ አሰጠመሽ እኮ! ይኼንን ለምን አታላሉትም?» አሉ ወደ ሻርፑ እያመለከቱ።

«ደህና ናት፣ ሐዘኑ ነው» አለች እናትየዋ ቶሎ።

«እኔም አባቴን ስቀብር እንዲሁ ነበርኩ» አሉ አዴ ዲሪቤ። «ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የወደቀው። ጫካ ለጫካ ነው ተሸክመን ያመጣነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።» እጇን ይደባብሱታል። ደግ እጅ ነው። ነፃነት ያን እጅ ትታ መሄድ አልቻለችም።

ያን ጊዜ ነው አፏ ውስጥ የዝገት ጣዕም የመጣው። ታውቀዋለች። ያንን ጣዕም ሶር ወንዝ ዳር ቀምሳዋለች፣ ገበያ መሃል ቀምሳዋለች። የሴቶቹ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ መስሎ ራቀ፣ ከፊቷ ያለው ትሪ ላይ ያሉት የስንዴ ፍሬዎች አንድ በአንድ ጎልተው ታዩዋት። ጊዜ አለ፣ አለች ለራሷ፤ ትንሽ ጊዜ አለ፣ መኝታ ቤት መድረስ እችላለሁ። እጇን ከአዴ ዲሪቤ እጅ ስትስብ እሳቸው ያለቀሰች መስሏቸው ጠበቅ አደረጉት። ከፊቷ ወደተቀመጠችው እህቷ ዘንበል አለች።

«ዕፁ፣ አውጪኝ።»

ዕፀገነት የእህቷን ዓይን አየች። ያንን ዓይን ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች። «ትንሽ ቻይው» አለች በሹክሹክታ። «አሁን ይነሳሉ። በእናትሽ፣ ትንሽ።»

ነፃነት «እሺ» ልትል ፈለገች።

መጀመሪያ የመጣው የክብሪት ሽታ ነው። ቀጥሎ የሰው እግር፤ ብዙ እግር፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የቆመ። ጣሪያው። ምላሷ አብጦ አፏን ሞልቶታል፣ የደም ጣዕም አለው። ቀሚሷ ከሥር እርጥብ ነው። አባዬ የት ሄደ ብላ አሰበች፣ ከዚያ ትዝ አላትና እንደ አዲስ ሞተባት። «አትንኳት! እስኪለቃት አትንኳት!» የሚል የማታውቀው ሴት ድምፅ ሰማች። እትዬ እታፈራሁ አንድ ሙሉ ክብሪት አፍንጫዋ ሥር እየጫሩ ጨርሰው፣ የመጨረሻውን እንጨት እንደጨበጡ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። ጭንቅላቷ ያረፈው እናቷ ጭን ላይ ነው። እናቷ ነጠላዋ ወድቆ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ በአንድ እጇ የተቀደደውን ጥቁር ሻርፕ ይዛለች። መርፌ ቁልፉ አውራ ጣቷን ወግቷት ደም ይወርዳል፣ አላየችውም።

በሩ ላይ ወንዶች ተጨናንቀው ነበር። ከፊታቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል። ነፃነት አይታቸው ባታውቅም ኦቦ ጎንፋ መሆናቸውን አወቀች። አዴ ዲሪቤ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ከሴቶቹ ሁሉ ያልተነሱት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ግን እጃቸውን ሰብስበው ጉያቸው ውስጥ አስገብተውታል።

«አንድ ቀን!» ዕፀገነት ነበረች። ድምፇ እየተሰበረ፣ እንግዶቹ ፊት መሆኗን ረስታ። «አንድ ቀን ብቻ! አንድ ቀን አቃታት!»

«ዝም በይ» አለች እናትየዋ።

«ለምን ዝም እላለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብዬ —»

«እኔ ነኝ የሸፈንኳት!»

አስለቃሿ እንኳ እንባቸውን መጥረግ አቆሙ። እናትየዋ የልጇን ጭንቅላት ከጭኗ ላይ ቀስ አድርጋ አውርዳ ነጠላ አነጠፈችላት፣ ከዚያ ተነሳች። ጉልበቷ ሲንቋቋ ተሰማ። ራሷን ሳትሸፍን በሩ ድረስ ሄደች።

«ኦቦ ጎንፋ» አለች። «ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት። ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ። ፈንታሁን አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ አንገቷ ውስጥ መድኃኒት አስተክሎላታል። መድኃኒቱ ብርሃን ይፈልጋል፣ ጨርቅ ከለበሰ ይሞታል። ከተተከለላት ወዲህ ወድቃ አታውቅም። ዛሬ የወደቀችው እናንተ ትመጣላችሁ ብዬ ስለሸፈንኩት ነው። ከእንግዲህ የምደብቃችሁ ነገር የለም።»

ኦቦ ጎንፋ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። ወደ ሚስታቸው አዩ፣ በኦሮምኛ ዝቅ ብለው አንድ ነገር አሉ፤ እሳቸውም ዝቅ ብለው መለሱ። ነፃነት ከወለሉ ላይ ሆና ሰማቻቸው። «ልጁስ ያውቃል ወይ?» ነበር ያሉት ሽማግሌው። «ጠይቀው» ነበር ያሉት አዴ ዲሪቤ።

«ሰምተናል፣ እትዬ ሽብሬ» አሉ ኦቦ ጎንፋ በመጨረሻ። «የሚያገባው ልጁ ነው፣ አፍ አለው። ዛሬ ለለቅሶ ነው የመጣነው።» ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። መልካምም አልነበረም፣ ክፉም አልነበረም። ዕፀገነት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እናትየዋ ከበሩ ላይ አልተነቃነቀችም። ውጭ ውጩን ታያለች። ደመናው ከባሕር ዛፎቹ በላይ ተሰንጥቆ፣ ከድንኳኑና ከአጥሩ መሃል ባለችው ግቢ ላይ ፀሐይ ፈንጥቃለች፤ ጭቃው እየጨሰ ነው።

«ፍራሹን አውጡት» አለች።

ማንም የገባው አልነበረም።

«ፍራሹን ወደ ግቢ አውጡት። እዚያ ነው የምንቀመጠው።»

«ሽብሬ!» እትዬ እታፈራሁ ደረታቸውን ያዙ። «ሐዘንተኛ ፀሐይ ላይ? ምች ይምታን? ሰው ምን ይለናል? ባል የሞተባት ሴት ደጅ ወጥታ፣ በሠልስት—»

«እትዬ፣ ጫፉን ይያዙልኝ ወይም ይልቀቁልኝ።»

እትዬ እታፈራሁ የተቃጠለውን ክብሪት እንጨት አዩ። እንዴት እንደሚጥሉት የጠፋባቸው ይመስል ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዙ፤ እያጉረመረሙ፣ «በእኔ አገር እንዲህ አይደረግም» እያሉ፣ ግን ያዙ። ሌላውን ጫፍ እናትየዋ ያዘች። አዴ ዲሪቤ ከፍራሹ ላይ የተነሱት መነሳት ግድ ስለሆነባቸው ነበር፤ ተነስተው ለትንሽ ጊዜ ቆሙ፣ ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ፣ ከዚያ እንደ ማንኛዋም ሴት ከመሃል ያዙላቸው። ፍራሹ በበሩ አልወጣ ብሎ ታጠፈ። አንዷ «በጎን! በጎን አዙሩት!» አለች፣ ሌላዋ «አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ ሸክሙ ያለው እዚህ ነው» አለች፤ በዚያ ቤት ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ የሚመስል ነገር ተሰማ። የዕድሩ ወንዶች አግዳሚያቸውን እየጎተቱ ቦታ ለቀቁ።

ነፃነትን የጎረቤት ሴቶች ደግፈው ቀሚስ ቀየሩላት፣ ፊቷን አጠቡላት፣ አውጥተው ፍራሹ ላይ አጋደሟት። ፀሐይዋ በግራ አንገቷ ላይ አረፈች። ሰው ሁሉ ያያታል፤ ከድንኳኑ፣ ከአጥሩ ላይ፣ ከመንገድ ቆመው የሚያልፉ ባለባጃጆች ሳይቀሩ። ዓይኗን ጨፈነች። አስለቃሿ ከበሩ ተነስተው መጥተው እግሯ ሥር ተቀመጡ፣ ወደ እናትየዋም ዘንበል ብለው «ያን ያልሽውን ድገሚልኝ፤ አዲስ አበባ ድረስ ይዟት የሄደውን» ሲሉ ሰማች። እናትየዋ ነገረቻቸው። በመንገድ ላይ ሰው ሲያወራ እንዴት እንደሰማ፣ እንዴት መኪናውን ዳር እንዳስያዘ ነገረቻቸው። አስለቃሿ ድምፃቸውን አነሱ፣ ግቢው ሁሉ ተቀበላቸው። ነፃነትም «አባዬ!» አለች፤ ድምፇ ጥርት ያለ ነው፣ ጉንዳኗ ገና አልመጣችም። ትመጣ አትመጣ እንደሆነ አታውቅም። ጨርቅ ለግማሽ ቀን ያፈናት ነገር ድና ትነቃ እንደሆነ ሐኪሞቹ ነግረዋት አያውቁም። ተኝታ ጠበቀች።

ኦቦ ጎንፋና አዴ ዲሪቤ ዝናብ መንገዱን ሳይቆርጠው ተነሱ። ሁሉንም እየተዟዟሩ «ጀባዳ» ብለው ተሰናበቱ። ለዕፀገነትም እንደ ሌላው ሰው፣ ሳይረዝምም ሳያጥርም «ጀባዳ» አሏት። መኪናቸው ቁልቁለቱን ወርዶ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ዕፀገነት በሩ ላይ ቆማ ቆየች። ከዚያ መጥታ ከፍራሹ የመጨረሻ ጫፍ ላይ፣ ለእህቷ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ነፃነት እጇን ዘርግታ ልትነካት ፈለገች፣ አልደረሰችባትም።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስትዞር የድንኳኑ ጥላ በመሬቱ ላይ እየተሳበ መጣ። መጀመሪያ የነፃነትን እግር ሸፈነ፣ ቀጥሎ ጉልበቷን። እናትየዋ «ወደዚያ እንበል» አለችና ሴቶቹ ተነስተው ፍራሹን ከነልጅቷ ጎተቱት። ጥቂት ቆይቶ ጥላው ደግሞ ደረሰባቸው፤ እትዬ እታፈራሁ «ኧረ ይኼ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው!» እያሉ ጎተቱ። ሦስተኛ ጊዜ ጥላው ሲመጣ እናትየዋ የሚሰናበት ለቀስተኛ እጅ ይዛ ነበር፣ እትዬ እታፈራሁ ንፍሮ ሊያመጡ ገብተው ነበር፣ ማንም አላየውም። የነፃነት ትከሻ ድረስ ደረሰ። ያን ጊዜ ዕፀገነት ብቻዋን ተነሳች። ወደ እህቷ ፊቷን ሳታዞር፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ የፍራሹን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ብርሃኑ ጎተተችው።